የዲያቆን ፓነል፣ የፓስተር ኢንቨርተር

አጎቴ መኪና እንዳይነዳ የተከለከለ ሰሞን፣ ቤታችን ውስጥ የመኪና ቁልፍ ማንሳት ራሱ ያሳፍር ነበር። እኔና ሚስቱ ቁልፋችንን ሳናንቃጭል ከመስቀያው አውርደን፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ ደጅ ላይ አጥልቀን ነበር የምንወጣው። ስኳር ዓይኑን ጎዳው፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ መሪ እንዳትጨብጥ አለው። አዲስ አበባ ታክሲ፣ ናይሮቢ በስደት ላይ ሳለ የሰው ፒክአፕ፣ እዚህ ደግሞ የከተማ ባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ማወቅም አልፈለገም።

የምንኖረው ሚኒሶታ፣ ክሪስታል የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ክሪስታል ውስጥ መኪና የሌለው ሰው ዳቦ ለመግዛት እንኳ ሰው ደጅ ይጠናል። ባስ አለ፤ ግን አጎቴ እሺ አላለም።

«አባዬ፣ በባስ ሂድ እንጂ» አልኩት አንድ ቀን። የእናቴ ወንድም ይሁን እንጂ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ አባዬ ነው የምለው።

«በዚህ መስመር የሚነዳውን ልጅ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ከኋላው ቁጭ ብዬ አነዳዱን ልይ?»

«ዓይንህ አያይም፤ ምኑን ታየዋለህ?»

አልሳቀም። እኔ እንደዚህ ነኝ፤ ነገር አለስልሼ መናገር አልችልበትም።

መስኮቱ አጠገብ ያለው ሶፋ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ዕረፍት ነው አልን። ከዚያ ጢሙን መላጨት ተወ። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። ከዚያ ምግቡም እዚያው ሶፋው ላይ ይምጣልኝ አለ። ሚስቱ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ጠዋት ስትመለስ ማታ በተወችው ቦታ ላይ ታገኘዋለች። «ሥራ ቦታ ያሉት ሽማግሌዎቼ ከዚህ የተሻለ ይንቀሳቀሳሉ» አለችኝ፤ እየቀለደች ጀምራ እንባዋ መጣ። ሐኪሙም እግርህ ካልተንቀሳቀሰ ስኳሩ ወደ እግርህ ይወርዳል ብሎታል። ቤቱ ውስጥ ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ሰው ከዚያ ሶፋ ይነሳል ወይስ እዚያው ይቀራል?

እኔ ደግሞ መቀመጥ አልወድም፤ የተቀመጠ ሰው ማየትም ያፍነኛል። ሃይስኩል ስጨርስ ሰው ሁሉ ነርሲንግ ግቢ፣ ነርሲንግ ግቢ ሲለኝ፣ ክፍል ውስጥ ሌላ ዓመት ከምቀመጥ በመስኮት ብዘል ይሻለኛል ብዬ ነው ሥራ የገባሁት። ፋርማሲ ሞከርኩ፤ ተውኩት። ዴሊቨሪ ሞከርኩ፤ ተውኩት። በመጨረሻ ሶላር የሚገጥም ድርጅት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማውጣት ጀመርኩ፣ ከዚያ ጣራ ላይ አወጡኝ፣ እዚያው ቀረሁ። አጎቴ ከሶፋው ሆኖ ምንም ነገር የማይጠይቅ ሰው፣ ስለዚህ ሥራዬ ብቻ ይጠይቀኝ ነበር። «ዛሬ ስንት ሰቀላችሁ? በምን ይታሰራል? ንፋስ አያነሳውም?» ይህንን ለአንዱ ጓደኛው በስልክ ነገርኩት፤ «ስለ ሶላር ሲሆን ብቻ ነው ጭንቅላቱን ወደ እኔ የሚያዞረው» አልኩት። ሁሉም ነገር ከዚህች ወሬ ተነሣ።

አጎቴ ሁለት ጓደኞች አሉት። ሦስቱ ናይሮቢ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ፍራሽ ላይ እየተፈራረቁ የተኙ ሰዎች ናቸው። አንደኛው እስከ ዛሬ ኦርቶዶክስ ነው፤ ሌላኛው እዚህ ከመጣ በኋላ ጴንጤ ሆነ። እርስ በርሳቸው በስማቸው አይጠራሩም። ጴንጤው ኦርቶዶክሱን «ዲያቆን» ይለዋል፤ ሰውየው ድቁና የሚባል ነገር አጠገቡም አልደረሰ። ኦርቶዶክሱ ጴንጤውን «ፓስተር» ይለዋል፤ እሱም ቸርቹ ውስጥ ወንበር ከመደርደር ያለፈ ሥልጣን የለውም። አጎቴ ለሁለቱም «ሾፌር» ነው። እኔ ሲያዩኝ ሁለቱንም ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ዞር ሲሉ ዲያቆንና ፓስተር ናቸው።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ ዲያቆን የኪራይ ትራክ ወደ ኋላ እየነዳ ድራይቭዌያችን ውስጥ ገባ። ብሩክሊን ፓርክ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነው የሚነዳው፤ ትራክ ግን አይችልበትም። የጎረቤታችንን አጥር ሊገጭ ሲል አጎቴ በመስኮት አየው። ዓይኑ ያን ያህል ባያይም የትራክ ድምፅ ሲሳሳት ያውቃል።

በሩን በርግዶ ወጣ። በቢጃማ። «ግራ! ግራ አልኩህ! መስታወትህን እያየህ! ማነው አንተን ፈቃድ የሰጠህ?»

«አንተ ሳትወጣ እንዴት ላቁመው?» አለ ዲያቆን ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ። ሆን ብሎ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

ትራኩ ውስጥ ፓነሎች ነበሩ። ከእነዲያቆን መጋዘን አጠገብ ያለ ሕንፃ ጣራው ሲፈርስ፣ የወረደውን ፓነል ለሠራተኛ በርካሽ ሸጡት፤ ትልልቅ፣ ለመጋዘን ጣራ የተሠራ፣ ግን ደህና። ከኋላው ፓስተር ከሴንት ፖል መጣ፤ የመኪናው ኋላ በካርቶን ተሞልቷል። ማይክሮኢንቨርተር።

«ጌታ ነው ያስማማን» አለ ፓስተር፣ ካርቶኑን እያወረደ።

«እመቤታችን ናት» አለ ዲያቆን።

«እናንተን ያስማማችሁ የእኔ መቸገር ነው» አለ አጎቴ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲቀልድ ሰማሁት።

ኋላ ስጠይቃቸው፣ አጎቴን ከሶፋው ለማስነሣት ጣራችን ላይ ሶላር እንስቀል ብለው ነገሩን በስልክ ተካፍለውታል፤ «አንተ ፓነሉን፣ እኔ ኢንቨርተሩን» ተባብለው ዘጉ። በቃ። ምን ዓይነት ፓነል፣ ምን ዓይነት ኢንቨርተር፣ አንዳቸውም አልጠየቁም። ለቅሶ ቤት ስንሄድ እንደምናደርገው ማለት ነው። አንዱ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ዳቦ፣ አንዷ ምስር ወጥ፤ ማን ምን እንደሚያመጣ የሚያስተባብር የለም፣ መጠየቅም ነውር ይመስላል፣ ግን ሁልጊዜ ይበቃል፣ ሁልጊዜም ይስማማል። ምስር ከማንም እንጀራ ጋር ይበላላ። ኤሌክትሪክ ግን እንደዚያ አይደለም።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ፓነሉ ከፀሐይ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ባትሪ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ነው፤ የቤታችን መብራትና ፍሪጅ የሚፈልጉት ሌላ ዓይነት ነው። ማይክሮኢንቨርተር ማለት እያንዳንዱ ፓነል ጀርባ ላይ የምትታሰር፣ መጽሐፍ የምታክል ሳጥን ናት፤ ያንን ወደዚህ ትቀይራለች። ሳጥኗ የምትችለው የቮልት ልክ አላት። ከልኳ በላይ ከገባባት ትሞታለች፤ ከሞተች ደግሞ ጣራ ወጥቶ ፓነል አንሥቶ መቀየር ነው።

እነሱ ዕቃ ሲያወርዱ እኔ የፓነሉን ጀርባ አነበብኩ። አርባ ስድስት ቮልት ይላል። ካርቶኑን አነበብኩ። ከአርባ ስምንት በላይ አታስገቡብኝ ይላል።

«ይሄ አይሆንም» አልኩ።

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። አጎቴ በእጁ ጠመኔ ይዞ ነበር፤ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ጣራውን ሥሎ የትኛው የት እንደሚሆን ማቀድ ጀምሯል። ጠመኔውን ከየት እንዳገኘው እንጃ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?» አለ ፓስተር።

«ፓነሉ ለዚህ ኢንቨርተር ይበዛበታል።»

ፓስተር መነጽሩን አድርጎ ሁለቱንም አነበበ። «አርባ ስድስት ከአርባ ስምንት ያንሳል። የአሜሪካ ሃይስኩል ይህንን አላስተማረሽም?»

«የተጻፈው ቁጥር ላብራቶሪ ውስጥ የተለካ ነው፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ። ብርድ ሲመጣ ይጨምራል። ሚኒሶታ እኮ ነው ያለነው ጋሼ!»

ዲያቆን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ብርድ ሲመጣ ይጨምራል! እስቲ በጥር መጥተሽ መኪናዬን አስነሺልኝ፣ የኔ ልጅ። የዚህ አገር ብርድ ባትሪ ገዳይ መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል።»

እውነቱን ነው፤ እኛ ሰዎች ስለ ኤሌክትሪክና ብርድ የምናውቀውን ሁሉ ያስተማረን ጠዋት አልነሳ ያለ መኪና ነው። ስለዚህ ብርድ ያዳክማል፤ ካዳከመ ደግሞ ፓነሉ በዊንተር አርባ ስድስትም አይሞላም፤ ስለዚህ ይህች ልጅ ዝም ብላ ነው የምትናገረው።

ቴስተሬን ከመኪናዬ አመጣሁ። ፓነሉ ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሞ እጅ የሚያቃጥል ሆኗል። ለካሁት። አርባ ሁለት።

«ከተጻፈውም አነሰ!» አለ ዲያቆን፣ እያጨበጨበ። «እልል በሉ!»

«ስለጋለ ነው ያነሰው! ይኸው እኮ፣ ሲሞቅ ይቀንሳል፣ ሲበርድ ይጨምራል...»

«ስለዚህ የእኔ ኢንቨርተር ሊቃጠል ነው?» አለ ፓስተር። አሁን አይስቅም።

«የእኔ ፓነል ነው የሚያቃጥለው ማለቷ ነው» አለ ዲያቆን። እሱም ሳቁን አቆመ።

አጎቴ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ከዚያ እኔን። «አንቺ ሰው ደስ ሲለው አይመችሽም?» አለኝ፤ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ እነሱ ዞሮ፣ «ምሳ እንብላ» አለ።

ምሳ በላን። ስለ ዓሣና ስለ ጾም ተከራከሩ፤ ስለ ፓነል ማንም አልተናገረም።

በማግስቱ ከሰዓት አጎቴን ጋራዥ ውስጥ ግድግዳው ላይ የሣለውን እያጠፋ እያስተካከለ አገኘሁት። ጢሙን ተላጭቷል። እኔ ዝም ብዬ ላልፍ እችል ነበር። ግን እሱ የሣለውን እኔ ልሰቅለው ነው፤ የመጨረሻውን ማገናኘት የመሥሪያ ቤቴ ኤሌክትሪሺያን ሊሠራልን ተስማምቷል። የሚሞት ነገር መስቀል አልችልም።

«ና ላሳይህ» አልኩት።

ሳሎን ገባን። የኢንቨርተር አምራቾች ድረ ገጽ ላይ ፓነልህንና የምትኖርበትን ቦታ ስትሞላ፣ ይሄዳል ወይም አይሄድም የሚል ነገር አለ። ቲቪው ላይ አደረግኩለት፤ ፊደሉን ከፍ ከፍ አደረግኩ። ከቲቪው ፊት ቆሞ፣ አፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ ተጠግቶ አነበበ። የፓነሉን ዓይነት ጻፍኩ። የኢንቨርተሩን ጻፍኩ። ክሪስታል፣ ሚኒሶታ። ቀይ ሆነ።

«ቴክሳስ በይው» አለኝ።

ቴክሳስ አልኩት። አረንጓዴ ሆነ።

አጎቴ ሞኝ አይደለም። ስንት ዊንተር በበረዶ ላይ ባስ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ አንድ ነገር በሰመር ደህና ሆኖ በዊንተር እንደሚገድል ያውቃል። ገባው። ሲገባው ግን ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም።

«የማንን ልመልስ?» አለኝ።

«ማለት?»

«ከሁለቱ አንዱ መመለስ አለበት። የማንን?»

«ካርቶን ነው እኮ አባዬ። የማይሆነው ይመለሳል፣ የሚሆነው ይቀራል።»

«ላንቺ ካርቶን ነው።» ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ፓስተር ሃይማኖት የቀየረ ጊዜ ዲያቆን ለቅሶ ተቀመጠ፣ ታውቂያለሽ? እንደሞተ ሰው። ፓስተር ይህንን ሰምቶ፣ እኔም ከእንግዲህ ቤቱን አልረግጥም አለ። እስኪታረቁ ስንት ጊዜ እንዲህ እንደኖሩ እኔ ነኝ የማውቀው። ፋሲካ እዚያ በልቼ፣ እዚህ መጥቼ ደግሞ እበላለሁ። የዚያን ልጅ ልደት አክብሬ፣ የዚህን ልጅ ሆስፒታል እጠይቃለሁ። ባሴን አቁሜ እንኳ መልእክት አድርሻለሁ። አሁን የአንዱን አስቀርቼ የአንዱን ብመልስ፣ ከሁለት አንዱ ቤቱ ገብቶ ምን የሚል ይመስልሻል?»

«ምን ይላል?»

«ሾፌሩ መጨረሻ ላይ መረጠ ይላል።»

ይህ ለእኔ ዕብደት ነው። ነገርኩትም። «ስድሳ ዓመት ያለፋችሁ ሰዎች ናችሁ» አልኩት። ጀርባውን ወደ ሶፋው አስጠጋ፤ እግሩን አነሣ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ስለ ሶላር መጠየቅም ተወ። ይህ ነው የከፋኝ። ሌላው ሁሉ ሄዶበት የቀረችው አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ እሷንም ወሰድኩበት።

ፓነሎቹ ጋራዥ ውስጥ ቆሙ። ሐምሌ አለፈ፣ ቅጠሉም ረገፈ። ጓደኞቹ ሲደውሉ ሚስቱ ስልኩን ጆሮው ላይ ታደርግለታለች፤ እሱም አንድ ቀን «ጣራው መጀመሪያ ይጠገን ተብሏል» ይላል፣ አንድ ቀን «ሲቲው ፐርሚት አልሰጠንም» ይላል። ሲቲውን ማንም ፈቃድ አልጠየቀም። ከዚያ ዲያቆን ለብቻዬ ደወለልኝ፤ «እውነቱን ንገሪኝ፣ የፓስተር ኢንቨርተር ብልሽት አለው አይደል? ርካሽ ነገር ይወዳል እኮ።» በሳምንቱ ፓስተር ደወለ፤ «የዲያቆን ፓነል ያገለገለ መሆኑን አይቻለሁ። ሾፌሩ ይሉኝታ ይዞት ነው አይደል?» ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጠሁ፤ «ሁለቱም ደህና ነው፤ አንድ ላይ ነው የማይሄደው።» ሁለቱም አላመኑኝም። አጎቴ እንዳይጣሉ ብሎ ዝም ሲል፣ በዝምታው ምክንያት ሊጣሉ ነው። ይህንንም ነገርኩት። «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል» አለኝ።

ከገና በኋላ በአንድ ቅዳሜ፣ ዲያቆን ሊጠይቀው መጣ። ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለም፤ ብርዱ ግን አፍንጫ ውስጥ ያለውን ፀጉር ያደርቃል። እዚህ እንዲህ ነው፣ ፀሐዩ ባማረ ቁጥር ብርዱ ይብሳል። ዲያቆን ሻይ ጠጥቶ ሊሄድ ሲወጣ መኪናው አልነሳ አለው። የአጎቴ ሚስት መኪናዋ ስለተበላሸ የእኔን ይዛ ተጨማሪ የቀን ፈረቃ ልትሠራ ሄዳለች። ዲያቆን ኩራቱን ውጦ ለፓስተር ደወለ፤ ፓስተርም ከሴንት ፖል ድረስ ጃምፐር ኬብል ይዞ መጣ። ለወራት ያልተያዩ ሰዎች ድራይቭዌይ ላይ ትንፋሻቸው እየጨሰ፣ ሁለት መኪና አፍ ለአፍ ገጥመው ቆሙ።

«ጸልይለት እንጂ» አለ ዲያቆን።

«አንተ ጠበል እርጨው፤ ወዲያው በረዶ ይሆናል» አለ ፓስተር።

እኔ በረዶ እየዛቅሁ ነበር። ዲያቆን ወደ እኔ ዞረ። «አየሽ አይደል? ብርድ ኤሌክትሪክ ይገድላል ብዬሻለሁ። አንቺ ነሽ ይጨምራል ብለሽ ሰውየውን ያስፈራራሽው።»

አካፋዬን ጣልኩት። ጋራዡን ከፈትኩ፤ አንዱን ፓነል ብቻዬን ጎትቼ አወጣሁ፤ የበረዶ ክምሩ ላይ ወደ ፀሐዩ አስደገፍኩት። ሁለቱ «ኧረ ይሰበራል!» ይላሉ። ቤት ገባሁና አጎቴ ሶፋ ፊት ቆምኩ።

«ተነሥ።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጃኬትህን ልበስ። እኔ ባነበው አያምኑኝም። አንተ ታነበዋለህ።»

ምናልባት ንዴቴን አይቶ ይሆናል፤ ተነሣ። ከቢጃማው በላይ ወፍራም ጃኬቱን ደረበ፤ የሚስቱን ቡትስ አጠለቀ። ቴስተሩን እጁ ላይ አደረግኩለት፤ ቁጥሩ ትልልቅ ነው፤ ሽቦዎቹን እኔ ያዝኩ። ነካሁት።

አጎቴ ቴስተሩን ወደ ዓይኑ አመጣ። አራቀ። መልሶ አመጣ።

«ሃምሳ አንድ» አለ።

የፓስተር መኪና ሞተር ብቻ ያጉረመርማል።

«ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩት። ሃምሳ አንድ።

«የመኪና ባትሪ ውስጡ ፈሳሽ ነው፣ ብርድ ያደነዝዘዋል» አልኩ። «ፓነል ውስጥ ፈሳሽ የለም። ብርድ ይስማማዋል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ፣ ኢንቨርተሩ ሥራ ሳይጀምር፣ ይህ ሁሉ ይገባበታል።»

ፓስተር ካርቶኑ ላይ ያለውን አርባ ስምንት አልረሳውም፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ያልጠበቅሁት ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«እንግዲህ የእኔ ይመለሳል» አለ ፓስተር።

«የለም፣ የእኔ ይመለስ» አለ ዲያቆን። «ጥፋተኛው ፓነሉ ነው። የበዛው እሱ ነው።»

«አንተ አርፈህ ቁም። ትንሽ ነገር የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«ሞቼ እገኛለሁ! አሁኑኑ ጭኜ እወስደዋለሁ።»

«በጌታ ስም እልሃለሁ፣ ፓነልህን ብትነካ...»

«እጄን ልቀቅ!»

ምግብ ቤት ውስጥ ሒሳብ ልክፈል ሲሉ እንደሚታገሉት፣ በረዶው ላይ እጅ ለእጅ ተያያዙ። አንዱ ፓነሉን ይዞ ወደ ጋራዥ ይጎትታል፣ ሌላው ይገፋዋል። ለወራት ጥፋቱ የእሱ ዕቃ ነው እያሉ ሲቀያየሙ የነበሩ ሰዎች፣ አሁን የእኔ ካልተመለሰ ብለው ሊደባደቡ ነው። ዲያቆን ተንሸራቶ በቂጡ ተቀመጠ። ፓስተር ሊያነሣው ሲል እሱም ወደቀ።

«ዝም በሉ!» አለ አጎቴ።

የባስ ድምፁ ነው። የሰከረ ተሳፋሪ ሲያውክ ከመስታወቱ ሆኖ የሚያወጣው ድምፅ፤ ልጅ ሆኜ ከሾፌሩ ኋላ ካለው ወንበር ላይ ነበር የምሰማው። ሁለቱም በረዶው ላይ እንደተቀመጡ ዝም አሉ።

«የሚመለሰውን የምናገረው እኔ ነኝ። ቤቱ የእኔ ነው፣ ጣራው የእኔ ነው።» ወደ ፓስተር ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንተን እመልሳለሁ። የዲያቆን ፓነል መመለሻ የለውም፤ የመጣበት ጣራ ፈርሷል። ያንተ ካርቶን አልተከፈተም፤ ሱቁም አለ። ምክንያቱ ይህ ነው። ሌላ ምክንያት ይዘህ ቤትህ ከገባህ ግን በድለኸኛል።»

ፓስተር ሱሪውን እያራገፈ ተነሣ። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጋራዡ ተራመደ። አጎቴ ዓይኑ ባያይም አረማመዱን ሰምቶታል።

«ከሰኔ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለ አጎቴ። «ፈርቼህ ነው ያልነገርኩህ።»

«እኔን?» አለ ፓስተር። «ናይሮቢ ላይ ሲያመኝ ያጠብከኝ ሰው፣ እኔን ፈራህ?»

«አዎ።»

«ሰኔ ላይ ብትነግረኝ እኮ በሰመር በካናቴራ ሄጄ እቀይረው ነበር። አሁን በዚህ ብርድ ልታስኬደኝ ነው?» አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገ። «ሂድ፣ ሱሪ ልበስ። ይህንን ለብሰህ እኔ መኪና ውስጥ አትገባም።»

ዲያቆን ገና በረዶው ላይ ነው። «እኔንስ የሚያነሣኝ የለም?» አለ።

የዲያቆን መኪና እስኪነሣ አጎቴ ልብሱን ቀይሮ፣ ካርቶኖቹን ፓስተር ኋላ ጭነን፣ አራታችንም በአንድ መኪና ወደ ሴንት ፖል ሄድን። ዲያቆን መኪናውን ካስነሣ በኋላ አጥፍቶት መጣ፤ «ሳላይ ልቅር?» አለ። ቅር ቢሉትም አይቀርም ነበር። መንገድ ላይ አጎቴ ፊት ተቀምጦ ፓስተርን ሲያርመው ሄደ። «ራቅ በል፣ ፊት ለፊትህ ያለው ሊቆም ነው። ቢጫ ነው፣ አትሩጥ።» ቢጫውን አላየውም፤ ከፍጥነቱ ነው የገመተው፤ ትክክል ነበር።

ሱቁ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባቡሩ የሚያልፍበት ጋ ነው፤ ኤሌክትሪሺያኖች ዕቃ የሚገዙበት፣ ረጅም ባንኮኒ ያለው። ሻጩ ካርቶኖቹን አገላብጦ፣ አልተከፈቱም፣ ልዩነቱን ከከፈላችሁ በሌላ እቀይራለሁ አለ። ልዩነቱን ልክፈል ብለው ሁለቱ ደግሞ ሊጀምሩ ሲሉ አጎቴ አንድ ጊዜ አያቸው።

«የሚገጥመው ማነው?» አለ ሻጩ በእንግሊዝኛ። የድርጅቴን ጃኬት ለብሻለሁ፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ» አለ አጎቴ። በዚያው ባስ ላይ ፌርማታ በሚጠራበት እንግሊዝኛው ቀጠለ። «እሷ ለእኔ ነው የምትሠራው። አሁን ስማኝ። ፓነሌ በብርድ ሃምሳ አንድ ይሰጣል፤ ዛሬ ጠዋት እኔው ለክቼዋለሁ። ከዚህ የባሰ ብርድ ደግሞ ይመጣል። ላብራቶሪህ ውስጥ ያለውን ቁጥር አትንገረኝ። በዚህ ከተማ፣ በጣም በቀዘቀዘው ቀን፣ የሚችለውን አሳየኝ።»

ሻጩ አንዱን አመጣ። አጎቴ ልኩ ስንት ነው አለው። ሃምሳ አምስት ነው ሲለው፣ «ጠባብ ነው፣ ሌላ» አለ። ሻጩ ወደ ውስጥ ገብቶ ሌላ አመጣ፤ ስድሳ ይችላል፤ ከነማብራሪያ ወረቀቱ ባንኮኒው ላይ ዘረጋለት። ፊደሉ የጉንዳን እግር ነው። እኔ በአንድ እይታ ጨርሼዋለሁ፤ ይሆናል። ላነብለት እጄን ስዘረጋ በክርኑ ገፋኝ።

መነጽሩን አወለቀ፣ ወረቀቱን አንሥቶ አፍንጫው ጋ አደረሰው፣ ከላይኛው መስመር ጀምሮ ማንበብ ጀመረ። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፤ አንዱ ሰዓቱን ያያል። ዲያቆንና ፓስተር ግራና ቀኝ ቆመው በር እንደሚጠብቁ ዘበኞች ደረታቸውን ነፍተዋል። እኔ እግሬን እያቀያየርኩ፣ ከንፈሬን ነክሼ፣ ቁጥሩ ያለበትን መስመር በጣቴ ላለማሳየት እየታገልኩ ቆምኩ። እሱ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነው።